ለተማሪያችን ጉዛ እንውጣ

የጫት መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጭሮ ውስጥ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ዝናብ ሲዘገይ ማሽላው ምን ላይ እንደሚቆም፣ ገበያው የት የት እንደሚውል፣ የገለምሶው መኪና ሲሞላ ረዳቱ ምን ብሎ እንደሚጣራ የማያውቅ የለም። የዩኒቨርሲቲ ግሬድ የሚለቀቀው መቼ ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን ከመካከላችን የሚመልስ እምብዛም አይገኝም። በዚያ ሳምንት ልጆቻችን ስልካቸውን ያጠፋሉ። «ደህና ነኝ፣ ኔትወርክ እያስቸገረ ነው» የሚል አጭር መልእክት ይልኩና ድምፃቸው ይጠፋል። እናት «ልጄ ፈተና ላይ ነው» ብላ ዱዓ ታደርጋለች፣ ስለት ትሳላለች። ልጁ ግን ፈተናውን ከጨረሰ ሰንብቷል፤ ሬጅስትራር ደጃፍ በተለጠፈው የተሰናባቾች ዝርዝር ውስጥ የመታወቂያ ቁጥሩን ካየም ቀናት አልፈዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሰፈሩ በሹክሹክታ ያውቀዋል። አንዱ «ረፍት ነው» ብሎ ይመጣና ረፍቱ አያልቅም። ሌላው አዳማ ወርዶ የቀን ሥራ ይይዛል፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ምርቃቱ ዓመት ድረስ የኪስ ገንዘብ ይልክለታል። ሌላው በሚኤሶ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያወጣውን መንገድ ማጠያየቅ ይጀምራል። እኛ ደግሞ «ወደቀ» እንልና ወሬውን እንዘጋዋለን። በስንት ነጥብ? በየትኛው ኮርስ? ድጋሚ ፈተና ነበረው ወይ? ማመልከቻ አስገብቷል ወይ? ቀኑ አልፎበት ነው ወይስ ማመልከት እንደሚቻል የነገረው ሰው ጠፍቶ? ይህን የጠየቀ የለም።

ጥሪዬ ለጭሮ ሰው ነው፤ ለሂርና፣ ለበዴሳ፣ ለገለምሶ፣ ለመቻራ፣ ለአሰቦትና ለሚኤሶ ሰውም ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ትምህርቱ ሲንገዳገድ ብቻውን ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ ይብቃ። ቀድመን ልንደርስለት የሚገባን እኛ ነን፤ የምንደርስለትም ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ ሳይሆን ገና በሚድ ፈተና ሰሞን ነው።

የእኛ አገር ሰው ብቻውን አጭዶ አያውቅም። አረሙ ሲያይል ወይም የማሽላው አጨዳ ሲደርስ ባለ እርሻው ጉዛ ይጠራል። ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ባለቤቱ የሚቀመሰውንና የሚቃመውን ያቀርባል፣ ዛሬ ለሰው የወጣ ነገ ይወጣለታል። ጉዛ የሚጠራው እህሉ መሬት ላይ ከረገፈ በኋላ አይደለም። ጥሪውን ሰምቶ የቀረ ሰው በሰፈሩ እንዴት እንደሚታይ ለአካባቢያችን ለጨርጨር ሰው እኔ አልነግረውም። ለቅሶ ሲመጣ ደግሞ አፎሻው አለ፣ ዕድሩ አለ። ልጅ ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ጎረቤት፣ ልጅ ከትምህርት ሲባረር የት ነው ያለው?

እንዳናውቅ ካደረጉን ነገሮች አንዱ የደንቡ ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሌጂስሌሽን የሚባል መተዳደሪያ አለው። ተማሪ የሚቀጥለውም የሚሰናበተውም በእሱ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ተማሪው ብዙውን ጊዜ ስሙን የሚሰማው ችግር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ለመመረቅ ሲጂፒኤ ከ2.00 በታች መሆን እንደሌለበት ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በታች ባለው መሰላል ላይ ግን ጨለማ ነው። ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ተማሪ ከተባረረው ጋር ይምታታል። የተባረረውም ቢሆን ዳግም ቅበላ መጠየቅ የሚችለውና የማይችለው ተለይቶ ተጽፏል። ኤፍ ኤክስ ያገኘ ተማሪ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል አለው፤ ኤፍ ያገኘው ግን ኮርሱን መልሶ መውሰድ አለበት። በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለውን ልዩነት ባለማወቅ ብቻ አንድ ዓመት የሚቃጠልበት ልጅ አለ።

ታሞ ፋይናል የቀረውን ልጅ እንውሰድ። ኢንኮምፕሊት ተብሎ እንዲያዝለት የሕክምና ማስረጃ በጊዜው ማቅረብ አለበት። እሱ ግን ሲታመም ወደ ቤቱ መጥቶ፣ በሰፈር መድኃኒት ቤት ክኒን ተገዝቶለት፣ በማርና በፌጦ ተጠግኖ ይመለሳል። ማስረጃ የለውም። መምህሩ ቢያዝንለትም ሬጅስትራር ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ካልመጣ ኢንኮምፕሊቱ ጊዜው ሲያልፍ ወደ ኤፍ ይለወጣል። ክሊኒክ ወስዶ ካርድ የሚያወጣለት፣ ካርዱንም ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማኅተም የሚያስመታለት አንድ ሰው ቢኖር የዚህ ልጅ ዕጣ ሌላ ነበር። ዊዝድሮዋልም እንደዚሁ ነው። ቤተሰብ ቢቸገር፣ አባት ቢሞት፣ ግቢው ቢረበሽ ልጁ ሻንጣውን አንስቶ ይወጣል። ቅጹን ሞልቶ፣ የዲፓርትመንቱን ፊርማ አስፈርሞ የወጣ ተማሪ መመለሻ በር አለው፤ ዝም ብሎ የወጣው ግን ሲመለስ ባዶ የውጤት ዝርዝር ወይም የኤፍ ሰልፍ ይጠብቀዋል። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ሲነሳ፣ በኋላም በዚያው ዓመት መጋቢት ኮሮና ግቢዎችን ሲያዘጋ፣ የወረቀት ጉዳይ ስንቱን እንዳንገላታ ያየ ያውቀዋል።

ግሬድ ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪም የሚሄድበት መንገድ አለው። መጀመሪያ ኮርሱን ያስተማረው መምህር ዘንድ፣ ካልሆነ ዲፓርትመንት ኃላፊው፣ ከዚያ የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽንና ዲኑ ጋር ይደርሳል። የፈተና ወረቀቱ በሌላ መምህር እንዲታረም የሚጠየቅበት አሠራርም አለ። ጊዜው ግን አጭር ነው። ማመልከቻው ምን መያዝ እንዳለበት፣ ለማን ግልባጭ እንደሚደረግ፣ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ቀን የሌለበት ወረቀት ዋጋ እንደሌለው ልጁን የነገረው የለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለተማሪዎች መብትም ግዴታም ደንግጓል። የግቢው በር ሁሉ ሲዘጋ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የአስተዳደር በደልን እንዲመረምር በአዋጅ የተቋቋመ ነው። ከእኛ ልጆች ውስጥ ስንቶቹ ይህን ያውቃሉ?

አንድ ነገር ያስገርመኛል። በከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲ የተሰየመው በኦዳ ቡልቱም ነው፤ በኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ መቀመጫ። በዚያ የኦዳ ዛፍ ሥር ሕግ ሲወጣ በአደባባይ ተነግሮ፣ ተደጋግሞ፣ እረኛው ሳይቀር በቃሉ ይዞት ነበር የሚሄደው። ሕጉን ያልሰማ ሰው በሕጉ አይያዝም ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ሳይሰማ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ግን ይደከም ነበር። ያንን ስም በበሩ ላይ የሰቀለ ግቢ ደንቡን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አሳጥሮ፣ ገና ፍሬሽ ተማሪዎች ዶርም ሲረከቡ በእጃቸው ቢሰጥ ምን ያስቸግረዋል? ግቢው እስኪያደርገው ደግሞ እኛ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከተማችን ውስጥ ጠበቃ አለ፣ ተርጓሚ አለ፣ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር አለ። ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች አሥር ገጽ አድርጎ መተርጎም የአንድ ወር የማታ ሥራ ነው።

ልጆቻችን የሚያልፉበት ወንፊት ስንት ጊዜ እንደሚነፋ እናስታውስ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ከዚያ በታች ካመጡት የተወሰኑት በሪሜዲያል ገብተው፣ ወራት ተምረው፣ እንደገና ተፈትነው ነው ፍሬሽ የሆኑት። ፍሬሽ ሆነውም ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ በአንድ ጊዜ ይወርድባቸዋል። የእኛ ልጅ ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እየተደናበረ የመጣ ነው። ገብቶት እንኳ መናገሩ ይከብደዋል፤ እጁን አያነሳም፣ መምህሩ ቢሮ አይሄድም። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ሐምሌ 2015 ይህ ኤግዚት ኤግዛም ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ ያለፉት 40 በመቶ ግድም ናቸው፤ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17 በመቶ። በጭሮም ሆነ በሌላ ከተማ ልጁን በግል ኮሌጅ ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ሁለት ጊዜ ያንብባት።

ቁጥሩን ያነሳሁት ልጆቹ ሰነፎች ናቸው የሚለውን ወሬ ለማጠናከር አይደለም። ይህ ወሬ በሌላ አገርም ተነግሯል፤ ውሸት መሆኑም ታይቷል። በ1970ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ዩሪ ትራይስማን የሚባል የሒሳብ ሰው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ማጥናት ጀመረ። መምህራኑን ሲጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ወላጆቻቸው አልተማሩም፣ ድሆች ናቸው። ትራይስማን ተማሪዎቹ የሚያድሩበት ድረስ ሄዶ አኗኗራቸውን ተከታተለ። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ጠንክረው ያጠኑ ነበር፣ ግን ብቻቸውን። ቻይናውያን አሜሪካውያኑ ደግሞ ማታ ተሰብስበው የቤት ሥራቸውን ያስተያያሉ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ይይዛል፣ ቢሮክራሲው ሲያስቸግር እንዴት እንደሚታለፍ ይነጋገራሉ። በቡድን የሚያጠናው የተሳሳተው እሱ ብቻ መሆኑን ወይም ጥያቄው ለሁሉም የከበደ መሆኑን ያውቃል፤ ብቻውን የሚያጠናው አያውቅም፤ ያላወቀው ራሱን «እኔ አልችልም» ይላል። ትራይስማን ከዚያ የጀመረው የማጠናከሪያ ትምህርት አልነበረም። ከባድ ከባድ ጥያቄዎችን ይዘው በቡድን የሚሠሩበት ጠረጴዛ ነው የዘረጋው፤ በዚያ የሠሩት ተማሪዎች ውጤት ተገለበጠ።

በዚያው አቆጣጠር በ1973 ደግሞ በአሜሪካው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የካንሳስ ሲቲ ግቢ ውስጥ ዲያና ማርቲን የተባለች ባለሙያ ሌላ ብልሃት ጀመረች። ደካማ ተማሪ አልፈለገችም፤ ከባድ ኮርስ ፈለገች። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ኮርስ ይለያል፣ ያንን ኮርስ በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ተመርጦ ለሚማሩት ሁሉ በሳምንት የጥናት ጊዜ ይመራል። ጎበዙም ደካማውም ይመጣል፤ ማንም «ሰነፍ» ተብሎ አይለይም። ለእኛ አገር ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። «ቱቶሪያል ለሚያስፈልጋቸው» ብለህ ማስታወቂያ ለጥፍ፣ አንድም ሰው አይመጣም። «የፍሬሽ ማትስ ጥናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለሁሉም» በል፣ ክፍሉ ይሞላል። ኩራት ነው እንግዲህ፣ የሐረርጌ ልጅ ኩራት ያውቃል።

ከሌላ አካባቢ የሚመጣን ተማሪ ለመቀበልም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የከተማው ሕዝብ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ነገር ጀምረዋል። ከሩቅ ለመጣ ተማሪ አንድ የጎንደር ቤተሰብ እንደ ልጁ ቃል ይገባል፤ በበዓል ይጠራዋል፣ ሲታመም ያስታምመዋል፣ ሲከፋው ያደምጠዋል። አሠራሩ ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ ከተሞችም ተዛምቷል። ጭሮም ከዚህ የራቀች አይደለችም። የቀድሞው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጭሮ ካምፓስ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከሸዋ ልጅ ይመጣል። የእኛ ልጅ ደግሞ በዚያው ምደባ ወደ ጎንደር፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጅማ ይሄዳል። የሄደውን እንዲያቅፉልን ከፈለግን የመጣውን እናቅፍ። በገበያችን አፋን ኦሮሞ የማይችለው የደብረ ማርቆሱ ልጅና በሌላ ከተማ አማርኛ የሚቸግረው የመቻራ ልጅ ሕመማቸው አንድ ነው።

ይህች ከተማ ራሷ የዚህ ዓይነት ታሪክ ባለዕዳ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1910ዎቹ ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ሲሄዱ ዘመድ አልነበራቸውም። የአንድ ሩሲያዊ መኮንን ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ ነው አሳድጎ ያስተማራቸው። ብቻቸውን ቢተዉ ኖሮ ጨርጨር ያን አስተዳዳሪ ባላገኘች ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሚያስፈልገን አንድ ክፍልና አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ከግቢው ውጪ፣ ከተማ ውስጥ። ከግቢው ውጪ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በመምህር ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ መምህሩ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ቆሞ አይናገርም። ከአፎሻዎቻችንና ከዕድሮቻችን መካከል የራሱ ቤት ያለው ብዙ ነው፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ክፍት ያድርግልን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሥርዓቱን የሚያውቁ ሰዎች ይሁኑ፤ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ከመምህራን ኮሌጁ የሚመጡ አሠልጣኞች፣ ቀደም ብለው የተመረቁ ወጣቶች፣ አንድ ጠበቃ። ሥራቸው ሦስት ነገር ላይ ይቆማል። ልጁን ከልብ ማድመጥ። ያለበትን ችግር በደንቡ መሠረት መለየት፤ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ስንብት ነው፣ የግሬድ ቅሬታ ነው፣ የጠፋ ውጤት ነው? ከዚያም ማመልከቻውን አብሮ መጻፍና፣ ልጁ ከፈቀደ፣ ቢሮው ድረስ አብሮት መሄድ። የሚናገረው ልጁ ይሁን፤ ሽማግሌው አጠገቡ ይቀመጥ። ሐጂ እገሌ ወይም ጋሽ እገሌ አጠገቡ ሲቀመጡ ጉዳዩን በቅጡ የማያዳምጥ ኃላፊ በእኛ አገር ገና አልተፈጠረም።

ሴት ልጆቻችንን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። አንዲት ተማሪ በግሬድ ስም ክብሯን የሚነካ ጥያቄ ሲቀርብላት ለአባቷ አትናገርም፤ ለወንድሟ ብትናገር ነገሩ ወደ ጠብ ይሄዳል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ዝም ትላለች፣ ወይ ትምህርቱን ትተዋለች። እኛም «ባል አገባች» እንላለን። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚያምኗቸው እናቶች የግድ መኖር አለባቸው፤ ነርስ ብትሆን፣ መምህርት ብትሆን፣ በገበያ የታወቀች አዴ ብትሆን። ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አላቸው፤ ልጅቷን ይዞ እዚያ የሚገባ፣ ነገሩም ምስጢር ሆኖ በማስረጃ እንዲያዝ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ዓይነ ስውር ተማሪም ፈተናውን የሚያነብለት ሰው ወይም ተጨማሪ ጊዜ ሲነፈገው መብቱ መሆኑን የሚናገርለት ይፈልጋል።

ስለ ጫትም ዝም ብል ትታዘቡኛላችሁ። ልጆቻችንን ያስተማርነው በጫት ብር ነው፤ ይህን አልክድም፣ አላፍርበትምም። ነገር ግን በፈተና ሰሞን ሌሊቱ በበርጫ የሚነጋበት ልጅ በምርቃናው ሰዓት ምዕራፉን ሁሉ የጨረሰ ይመስለዋል፤ ጠዋት ወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ ግን የቀረለት ድካሙ ነው። ለጉዛችን የጫት ነጋዴዎች የሚያዋጡት ብር ይምጣ፤ ለጥናት ክፍሉ ግን ሻይና ዳቦ ይበቃዋል።

«ሰነፍ ታበረታታላችሁ» የሚል ይኖራል። «ግሬድ ልታስለምኑ ነው» የሚልም ይኖራል። ይህ ጠረጴዛ ግሬድ የሚለመንበት ከሆነ እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ። አማላጅ ልኮ ነጥብ ማስጨመር፣ በአገር ልጅነት ማስፈራራት፣ አሳይመንት ከሰው አስጽፎ ማቅረብ፣ ኩረጃን መሸፈን ከደጃፉ አይግባ። ኩረጃ ላይ የተያዘ ልጅ ወደ ጠረጴዛው ቢመጣ የምንነግረው እውነቱን እንዲናገርና ቅጣቱን በደንቡ ልክ እንዲቀበል ነው፤ ከደንቡ ልክ ካለፈበት ደግሞ እንቆምለታለን። መምህሩ ጠላታችን አይደለም። በትልቅ ክፍል ውስጥ ብዙ ወረቀት የሚያርም፣ ደሞዙ ከኑሮው ጋር የማይገናኝለት ሰው ነው። በደንብ የተጻፈ፣ ቀኑን ያልሳተ፣ ስድብ የሌለበት ማመልከቻ ለእሱም ዕረፍት ነው።

የኦዳ ቡልቱም መምህራን ሆይ፣ በእናንተ ላይ የምንነሳ እንዳይመስላችሁ፤ ያለ እናንተ ይህ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ኮርስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ንገሩን። ከተማሪዎቻችሁ መካከል የጥናት ቡድን ሊመራ የሚችለውን ጠቁሙን። ሚድ ታርሞ ውጤቱ ሲወጣ፣ የተንገዳገደውን ልጅ «ጠረጴዛው ጋ ሂድ» በሉት። አማካሪ ተብላችሁ የተመደባችሁበት ተማሪ ስሙን ሳታውቁት አይመረቅ ወይም አይባረር።

ተመራቂዎች፣ እናንተ ደግሞ ኤግዚት ያለፋችሁ፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ ውስጥ የምትመላለሱ፣ የፈተናውን ይዘት የሚያሳየውን የብሉፕሪንቱን አጠቃቀም ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ መዳፊት ጨብጦ የማያውቅ ልጅ እውቀቱ እያለ ሊሸነፍ ይችላል። በገለምሶና በበዴሳ የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ማሽን ልቀቁልን። ያላለፈውም ልጅ ተቆረጠ ማለት አይደለም፤ እንደገና ይቀመጣል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ግን ከቡድን እንዳይወጣ ያዙት፤ ብቻውን ቤት ከተዘጋበት መጽሐፉን አይገልጥም።

በሪያድ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በጅቡቲ ያላችሁ የጨርጨር ልጆች፣ ለሠርግና ለለቅሶ ስትልኩ ማንም አይቀድማችሁም። ለዚህ ብዙ ብር አንፈልግም። የአንድ ልጅ የመሄጃ መጓጓዣ፣ የጎደለ የሕክምና ማስረጃ፣ የኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ክፍያ፤ ብዙ ጊዜ አንድን ልጅ የሚያስቀረው ይህን የምታህል ነገር ናት። ከብሩ ይልቅ ደግሞ ስልካችሁ ያስፈልገናል። የወንድማችሁን ልጅ «ተመረቅህ ወይ?» ከማለት በፊት «ሚድ እንዴት ሆነ?» በሉት።

አባቶችና እናቶች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ልጁ ውጤቱ ቀንሶ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ቁጣ ከሆነ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ውሸት ትሰማላችሁ። መጀመሪያ ወረቀቱን እዩት፤ ማንበብ ባትችሉ የሚያነብላችሁ ሰው ወዳለበት ወደ ጠረጴዛው ይዛችሁት ኑ።

በየከተማው ያላችሁ የአፎሻና የዕድር ሰብሳቢዎች፣ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አስገቡ። ከአባላት ልጆች መካከል ዩኒቨርሲቲ ያሉትን፣ የት እንደሚማሩና ስንተኛ ዓመት እንደሆኑ ጻፉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ የሚደውል ሰው መድቡ። የጭሮዎቹ፣ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዘንድሮውን የትምህርት ካላንደር ፎቶ አንሱ። የአድ ድሮፕ መዝጊያ፣ የዊዝድሮዋል የመጨረሻ ቀን፣ የሚድና የፋይናል ሳምንት፣ የግሬድ ማስገቢያና የቅሬታ ማቅረቢያ ቀናት ያሉበትን ገጽ አሳትማችሁ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በመናኸሪያው፣ በጫት ተራው ለጥፉ። ከዚያ የሌጂስሌሽኑን ቅጂ ጠይቁ፤ ተርጓሚ ይመረጥ፣ ሁለቱ ምሽቶች ይወሰኑ፣ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዝ ሰው ይሰየም። ይህ ሁሉ ከሚድ ፈተናው ሳምንት በፊት ይለቅ።